ማህደሩን አፍርሼ መልሼ የሠራሁበት ወር

የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ምድር ቤታችን በድሮ ፋይል ጢም ብሎ ነበር። አለቃዬ ጠርተው፣ «ጠቃሚውን ለይተህ ለወመዘክር አስረክብ፤ ቀሪው ይቃጠል» አሉኝ።

ወመዘክርን፣ ብሔራዊውን ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ የማውቀው ተማሪ ሳለሁ፣ መጽሐፍ ላነብ ስመላለስ ነው። በ1936 ዓ.ም. ሲከፈትም ቤተ መጻሕፍት ነበር። የመንግሥት መዛግብት ማረፊያ መሆኑን በደንብ የተረዳሁት አዋጅ ቁጥር 179/1991ን ሳነብ ነው። መሥሪያ ቤት በራሱ ፈቃድ መዝገብ ማስወገድ አይችልም። አዋጁን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። ማቃጠሉ ቀረ።

ከዚያ እኔው አጠፋሁ። ፋይሎቹ የተዝረከረኩ መሰለኝና ደብዳቤዎቹን ከየማህደሩ አውጥቼ በዓመተ ምሕረት ደረደርኳቸው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በአራተኛው ቀን በጡረታ የተገለሉ የቀድሞ የመዝገብ ቤት ሹም ጎራ አሉ። ከክምሩ አንድ ወረቀት አነሡ። ኅዳጉ ላይ በቀይ «ይጣራ» ተብሏል።

«ምኑ ነው የሚጣራው? እስቲ ንገረኝ ልጄ።»

መልስ አጣሁ። ማመልከቻው ሌላ ክምር ውስጥ ነው፤ ምላሹም ሌላ። በአዋጅ 47/67 ቤቷ የተወሰደባት የአንዲት እናት የዓመታት ምልልስ ነበር። እኔ በታተንኩት። በጣም አዘንኩ።

«ገቢ ወጪ መዝገቡ አለ?» አሉኝ። አለ። ቆዳው የተላጠ፣ ወፍራም ጥራዝ። እያንዳንዱ ደብዳቤ በቁጥሩ፣ ከነማህደሩ ሰፍሮበታል። ከእሱ ጋር እያመሳከርኩ ሁሉንም ወደየቤቱ ለመመለስ ሁለት ሳምንት ወሰደብኝ።

ሌላው የእጅ ሥራ ነው። አግራፉ ዝጎ ወረቀቱን በልቶታል። ከሳባችሁት ወረቀቱም አብሮ ይመጣል። ከሥሩ ስስ ፕላስቲክ አስገቡ፣ እግሮቹን አቅኑ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ አንሡ። የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፤ ሙጫው ይቆይና ወረቀቱን ያበላሸዋል። ካርቶኑ ላይ የምትጽፉት በእርሳስ ይሁን።

ከወመዘክር ስብስብ 12 ቅርሶች እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። የነገሥታት ደብዳቤዎች አሉበት። ለእኔ የዚያች እናት ማመልከቻም እዚያው ጣሪያ ሥር መቀመጥ ይገባዋል። ነገ ልጇ ወይ የልጅ ልጇ ሊጠይቅ ይመጣል።

በርክክቡ ዝርዝር ላይ ገቢ ወጪ መዝገቡ አልነበረም። «ደብተር ነው፣ ይቅር» ያሉኝ ነበሩ። በእጄ ጻፍኩት። መኪናው ሲመጣም መጀመሪያ የጫንኩት እሱን ነው።