ጊታሩ ጠፍቶ ማሚቶው የቀረ ዕለት

የጊታርን ድምፅ የሚያቀነባብረው ሳጥን፣ የጊታር ፕሮሰሰር፣ ድምፁ ባስቸገረ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ሳጥኑ ላይ ነው። ደሴ ውስጥ ለሠርግና ለመድረክ ሳውንድ ስሠራ የሚገጥመኝ ችግር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሳጥኑ ውጭ ነው፤ ገመድ፣ አዳፕተር፣ ሶኬት፣ አለዚያም ሚክሰሩ ላይ የተሰካበት ቀዳዳ። ባለፈው ጥር አንድ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ የገጠመኝን የምጽፈው ሌላ ጊታሪስት በዚሁ ምክንያት ደህና ዕቃውን በርካሽ እንዳይሸጥ ብዬ ነው።

ባንዱ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ከኮምቦልቻ የመጣ ነው። ሳውንድ ቼክ ስንጀምር ድራሙም፣ ቤዙም፣ ኪቦርዱም ያለ ችግር ወጡ። ጊታሩ ጋ ስንደርስ ግን ከስፒከሩ የሚወጣው ግራ የሚያጋባ ነበር። ልጁ ክሩን ሲመታ የምቱ ድምፅ የለም፤ ከኋላ የሚከተለው ሪቨርብ ብቻ ከሩቅ ይሰማል። ጠሪው ሳይሰማ የገደል ማሚቶ ብቻውን የሚመልስ ይመስል ነበር። ሪቨርብና ዲሌይ (ድምፁን ዘግይቶ የሚደግመው) የሌለበት ፓች፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ድምፅ፣ ላይ ሲቀይረው ደግሞ ጭራሽ ጸጥ አለ።

«ጋሼ፣ ሞተብኝ መሰለኝ» አለኝ። ባለፈው ሳምንትም ሌላ ሠርግ ላይ እንዲሁ ሆኖበት በኪቦርድ ብቻ እንደጨረሱ፣ አንድ ጠጋኝም «ቦርዱ ሄዷል» እንዳለው ነገረኝ። ኪቦርዲስቱ በበኩሉ «ፋክትሪ ሪሴት አድርገው» እያለ ይጎተጉተዋል። ልጁ ቁልፉን ሊጫን እጁን ሲሰድ «ቆይ፣ እጅህን አንሳ!» አልኩት። ሪሴት ሲደረግ ተጠቃሚው ራሱ የሠራቸው ፓቾች ይሰረዛሉ። እሱ ደግሞ ለትዝታ፣ ለባቲ፣ ለአምባሰልና ለአንቺሆዬ ለየብቻ ድምፅ አዘጋጅቶ ያስቀመጠ ልጅ ነው። የዚያን ያህል ልፋት ምክንያቱ ሳይታወቅ አይጣልም።

«አብሽር፣ ሄድፎን አለህ?»

ነበረው። ገመዱን ነቅለን እዚያው መውጫ ላይ ሄድፎኑን ሰካነው። ጆሮዬ ላይ አድርጌ ምታው ስለው ጊታሩ ሙሉ ሆኖ፣ ጥርት ብሎ መሃል ላይ ወጣ። በዚህች አንዲት ሙከራ ጊታሩ፣ የጊታሩ ገመድ፣ ፕሮሰሰሩ፣ አዳፕተሩና ፓቹ ሁሉም ደህና መሆናቸው ታወቀ። ድምፅ ከክሩ ተነሥቶ እስከ ስፒከሩ የሚሄድበትን መንገድ መሃል ላይ ቆርጦ ማዳመጥ የመሰለ ዘዴ የለም፤ ካላዳመጡ ግን ሰው ሁሉ የመሰለውን ቁልፍ ሲነካ ያመሻል። ቀጥዬ ጊታሩ የነበረበት ቻናል ላይ ኪቦርዱን ሰካሁት። ሠራ። እንግዲህ የቀረው አንድ ገመድ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ እሱማ አዲስ ነው፤ የተሻለ ነው ተብዬ በውድ የገዛሁት» አለ። እውነቱን ነው፣ ገመዱ አዲስም ጥሩም ነበር። ጫፉን ወደ መብራት አዙሬ አሳየሁት፦ የጃኩ ብረት ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበቶች አሉ። ሁለት ከሆነ ስቴሪዮ ነው፤ የጊታር ሞኖ ገመድ ያለው አንድ ብቻ ነው። ወፍራምነታቸው እኩል 6.35 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሁለቱም እኩል ይገባሉ፣ ቀዳዳው አይለይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእሱ ፕሮሰሰር ያለው አንድ መውጫ ብቻ ሲሆን ያም ስቴሪዮ ነው፤ የግራው ድምፅ በጃኩ ጫፍ፣ የቀኙ በሁለቱ ጥቁሮች መሃል ባለው የብረት ቀለበት ይወጣል። ሚክሰሩ ላይ የሰካበት መግቢያ ደግሞ ባላንስድ ነው። ባላንስድ መግቢያ ግራና ቀኝ አያውቅም፤ በጫፉ ከመጣው ላይ በቀለበቱ የመጣውን ይቀንሳል። የተሠራውም ለዚሁ ነው፦ ረጅም ገመድ በመንገዱ የሚለቅመው ጩኸት ሁለቱ ሽቦዎች ላይ እኩል ስለሚያርፍ ሲቀናነስ ይጠፋል፤ ዋናው ድምፅ ግን አንዱ ሽቦ ላይ ተገልብጦ ስለሚላክ ይተርፋል። የልጁ ጊታር ግን ሳይገለበጥ ግራም ቀኝም እኩል ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሚክሰሩ እንደ ጩኸት ቆጥሮ አጠፋው። ስቴሪዮ ሪቨርብ ግራና ቀኙ ስለሚለያይ ልዩነቱ ብቻ ተረፈ። እኛ ስንሰማ የነበረው ያንን ትርፍ ነው።

ቤት ሲለማመድ ለምን አልታየም? ትንሿ የጊታር አምፕ ላይ የሚሰካው በአሮጌው ሞኖ ገመድ ስለነበረ ነው።

ከሣጥኔ ሞኖ ገመድ አውጥቼ ሰጠሁት። ገና ሲመታው ዘፋኟ ዞር ብላ አየችው። እንዲህ ባለ መውጫ ላይ ሞኖ ገመድ የግራውን ብቻ ያስተላልፋል፤ ለሠርግ አዳራሽ ከበቂ በላይ ነው። ስቴሪዮውን የሚፈልግ ጫፉ ለሁለት የሚከፈል ገመድ ገዝቶ ግራና ቀኙን በሁለት ቻናል ያስገባ። ዲስቶርሽን ያለበት ፓች ሻካራ ሆኖ ጆሮ ሲወጋብንም ምክንያቱ ቅርብ ነበር፤ ለአምፑ ብሎ ያጠፋውን ካቢኔት ሲሙሌሽን (የጊታር አምፕ ስፒከርን ድምፅ የሚያስመስለውን) አበራነው። ሚክሰር ውስጥ በቀጥታ ሲገባ እሱ መብራት አለበት።

ከዚያ ዝቅ ያለ እምምታ ቀረ። ለማጀቢያ ትራክ በዩኤስቢ የተያያዘውን ላፕቶፕ ቻርጀሩን ስነቅለው ጠፋ፤ ስመልሰው ተመለሰ። ፕሮሰሰሩና ሚክሰሩ በተለያየ መንገድ ከግራውንድ (ከመሬት ሽቦ) ጋር ሲገናኙ የመብራቱ 50 ኸርዝ በመሃላቸው እየዞረ ነው። አዳራሹን የሚሠራው ኤሌክትሪሺያን «የግራውንዷን እግር ልስበራት?» አለኝ። እምምታው በዚያ ይጠፋል፣ ልክ ነው። ግን የግራውንድ ሽቦ ያለው ለሰው ሕይወት ነው። አንድ ዕቃ ውስጥ 220 ቮልቱ ሾልኮ ብረቱን ቢነካ፣ እጁ ክር ላይ ከንፈሩ ማይክ ላይ ያለው ልጅ ነው የሚመታው። ለሙዚቃ ተብሎ ይህ አይደረግም፤ ለማንም አልፈቅድም። የመድረኩን ዕቃ በሙሉ ከአንድ ሶኬት በተሳበ ማከፋፈያ ላይ አደረግን፣ ላፕቶፑም በባትሪው ሠራ።

ከሁሉ ደስ ያለኝ ግን የመጨረሻው ሥራ ነው። የአምባሰል ፓቹ ላይ ዲሌዩ በዝቶ ዜማው ይደበላለቅ ነበር። አምባሰል ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ ጎን ለጎን ያሉት ድምፆች የሚራራቁት በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። የፊተኛው በዲሌይ ሲመለስ ከሚቀጥለው ጋር ይፋተግና ቅኝቱ የተበላሸ ይመስላል። የድግግሞሹን ብዛት ቀነስን፣ መጠኑንም ዝቅ አደረግነው። አዳራሹ ሲሞላ ሰው ራሱ ድምፅ ስለሚመጥ ሪቨርቡን ትንሽ ተውንለት። ወሎ ውስጥ አምባሰል የሚጫወት ሰው ይህን ለጆሮው መተው የለበትም፣ የፓቹ ቅንብር ላይ ሊያስገባው ይገባል።

የገዛው ስቴሪዮ ገመድም ባከነ ማለት አይደለም። ከሚክሰር ወደ ባለ ፓወር ሞኒተር (መድረክ ላይ ለሙዚቀኛው የሚያሰማው ስፒከር) ለመሳብ የሚፈለገው እንዲያ ያለው ባላንስድ ገመድ ስለሆነ እኔ ወሰድኩት፤ ሞኖውን ለእሱ ተውኩለትና ተለዋወጥን።