የፀሐይን ጥቁር ነጥቦች በተራ ካሜራ እንዴት እንዳነሳሁ

ቴሌስኮፕ የለኝም፣ ያለኝ ተራ ካሜራና 70-300 ሌንስ ነው፣ ግን ለዚህ ስራ ይበቃል። የፀሐይን ብርሃን የሚቀንሰው ፊልተር የባደር አስትሮሶላር ፊልም ነው፣ አንዱ ዘመዴ ከውጭ ሲመጣ ያመጣልኝ፣ 5.0 የሚለው፣ ብርሃኑን 100 ሺህ ጊዜ ይቀንሳል። 3.8 የሚባልም አለ፣ እሱ ለፎቶ ብቻ ነው፣ በሱ በኩል በአይናችሁ እንዳታዩ። ከካርቶን ቀለበት ሰርቼ ፊልሙን ሳልወጥር ለጠፍኩት (ቢጨማደድ ግድ የለም፣ መወጠሩ ነው ምስሉን የሚያበላሸው)፣ ከዛ ከሌንሱ ፊት ላይ አድርጌ በፕላስተር ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት፣ ንፋስ ቢወስደው አይንም ሴንሰርም (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) አይተርፍም።

ያነሳሁት የግንቦት 2016ቱን ኤአር 3664 የሚል ቁጥር የተሰጠውን የነጥቦች ስብስብ ነው፣ ያ ወደ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ጉደኛ፣ በግርዶሽ መነጽር ብቻ እንኳን ይታይ ነበር፣ የዛን ሰሞን እነ አውሮፓ ሰማዩ ቀይና ሮዝ ሆኖ ያደረው በሱ ፍንዳታ ነው።

ፊልተሩ ካለ ከፀሐይ ውጪ ምንም አይታይም፣ ድፍን ጨለማ፣ ስለዚህ የሌንሱን ጥላ መሬት ላይ እያያችሁ ጥላው እስከሚያጥር አዙሩት፣ ስክሪኑ ላይ ትገባለች። ኦቶ ፎከስ አጥፉና በላይቭ ቪው (ምስሉን በካሜራው ስክሪን ላይ እያያችሁ) 10 እጥፍ አጉልታችሁ ነጥቡ ላይ ራሱ ፎከስ አድርጉ። እኔ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ ሹተር 1/500 አካባቢ ነው የተጠቀምኩት፣ ከፍ ዝቅ እያረግኩ። በ300 ሚሜ ፀሐይ ሴንሰሩ ላይ 3 ሚሊሜትር አትሞላም፣ ስለዚህ ትንሽ ፎከስ ከሳተ ነጥቡ ይጠፋል።

ከሌንሱ በላይ የሚወስነው ግን አየሩ ነው። አዲስ አበባ ግንቦት ላይ እኩለ ቀን ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ ትራይፖዱም እንደዛ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ማየት አይመቸውም፣ በዛ ላይ የሰፈሩ ቆርቆሮ ጣራ ሲግል የፀሐይ ጠርዝ እንደ ሽሮ ይንተከተካል። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ይሻላል። በዛ ሰዓትም ቢሆን ብዙ አንስታችሁ ነው አንድ ጥርት ያለ የምታገኙት፣ ሜሞሪ አትቆጥቡ።

በተከታታይ ቀናት የምታነሱ ከሆነ ሰዓቱን አትቀያይሩ፣ ቀኑን ሙሉ የፀሐይ ክብ ፍሬሙ ውስጥ እየዞረች ስለምትሄድ ነጥቡ የተንቀሳቀሰ ይሁን እሷ የዞረች መለየት ያቅታችኋል። ፀሐይ ራሷ ከኛ አንጻር በ27 ቀን ገደማ በራሷ ዙሪያ አንዴ ትዞራለች፣ 3664ም ከጀርባ ዞሮ ግንቦት 20 ገደማ ሲመለስ 3697 የሚል አዲስ ቁጥር ተሰጠው።