ሲሙሌሽኑ ቀላል ነው፤ ከባዱ ሞዴል 22 ነው

በመንግሥት ትምህርት ቤት 10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቴክኖሎጂ ይዛችሁ ክፍል ለመግባት ያሰባችሁ መምህራን ካላችሁ፣ ስልጠና ላይ የማይነገረውን ልንገራችሁ።

ሶፍትዌሩ ምንም አይደለም። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን በ2002 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ፌት (PhET) የሚባል ነፃ የሲሙሌሽን፣ ማለትም ሙከራን ስክሪን ላይ የሚያሠሩ ፕሮግራሞች፣ ስብስብ አለ። የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱን ካፌ ቁጭ ብዬ አወረድኩት። ጥቂት ሜጋባይት ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። አለቀ።

ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። ትምህርት ቤታችን በእርዳታ ያገኛቸው ላፕቶፖች አሉት። ካርቶናቸው አልተከፈተም። በደብዳቤ ጠየቅኩ። ርዕሰ መምህሩ "ይበረታታል" ብለው ወደ ንብረት ክፍል መሩልኝ። ንብረት ክፍል ያሉት ጋሼ ደብዳቤውን አንብበው ሞዴል 22 የሚባለውን የንብረት ወጪ ቅጽ ጥራዝ አወጡ።

"በስምህ ነው የምቆርጠው፣ መምህር።"

በስሜ ማለት ስክሪኑ ቢሰነጠቅ ከደመወዜ፣ አንዱ ቢጠፋ ከደመወዜ ነው። የመምህር ደመወዝ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በዲፓርትመንቱ ስም ይሁን አልኩ። "ዲፓርትመንት አይፈርምም፣ ሰው ነው የሚፈርመው።" እሺ፣ ጠዋት ወስጄ ከሰዓት ልመልስ አልኩ። "በየቀኑ ሞዴል ስቆርጥልህ ልዋል?" ወረዳ ሄድኩ። ባለሙያው መስክ ወጥቷል። ሲመለስ ደግሞ "እነዚህ ለአይሲቲ ትምህርት እንጂ ለፊዚክስ አልመጡም" አለኝ። የአይሲቲ መምህሩም እኮ አልነካቸውም! እሱም መፈረም ፈርቶ ነው።

የሴሚስተሩ ሪፖርት ላይ ላፕቶፖቹ "አገልግሎት እየሰጡ ያሉ" ተብለው ተጽፈዋል። ለማን?

ጋሼን አልቀየምኳቸውም። የጠፋ ዕቃ ከደመወዙ ሲቆረጥበት የኖረ ባልደረባ አይተዋል። የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። ዕቃ ሲሰበር ሰው ይጠየቃል። ሳይነካ ሲያረጅ ግን ማንም ተጠይቆ አያውቅም። በዚህ ላይ በየዓመቱ "መምህራን ለቴክኖሎጂ ያላቸው ተነሳሽነት ዝቅተኛ ነው" የሚል ጽሑፍ ይቀርብልናል።

እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በሳተላይት በፕላዝማ ቴሌቪዥን በሚመጣ መምህር ከተማሩት አንዱ። እንግሊዝኛውን ሳንይዝ እሱ ወደሚቀጥለው ርዕስ ያልፋል። የክፍሉ መምህር ጥግ ቆሞ እንደኛው ያያል። ሲሙሌሽን የወደድኩት ቁም ሲሉት ስለሚቆም ነው።

ላፕቶፖቹን ተውኳቸው። ፋይሉን በዜንደር ወደ ተማሪዎች ስልክ አሳለፍኩ። ስልክ ክልክል ነው፣ አውቃለሁ። ቅዳሜ ማጠናከሪያ ላይ ግን ኪስ የሚፈትሽ የለም። አንድ ስልክ ለአራት ተማሪ ይበቃል፤ እንዲያውም ሲጨቃጨቁ ይማራሉ።

መጀመሪያ ጠየቅኳቸው፦ ከረንቱ ከአምፖሉ በፊትና በኋላ እኩል ነው? አብዛኞቹ "አምፖሉ ይበላዋል" አሉ። ከዚያ አሜትር (የከረንት መለኪያ) በሁለቱም በኩል አስገቡ። ያው ቁጥር። ክፍሉ ተንጫጫ። ከኋላ አንዷ ተነስታ "ታዲያ ቲቸር፣ ከረንቱ ካልተበላ ባትሪው ለምን ያልቃል?" አለች። በጠመኔ ሳስተምር ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ከረንትና ኢነርጂ ሁለት ነገር መሆናቸውን ያስረዳሁት ከዚያ ተነስቼ ነው።

በማግስቱ ሳምንት እውነተኛ የባትሪ ድንጋይና አምፖል ይዤ መጣሁ። ቮልቴጁን እጥፍ ሲያደርጉት ከረንቱ እጥፍ አልሆነም። "ቲቸር፣ የኛ አምፖል ተበላሽቷል" አሉኝ። አልተበላሸም። ክሩ ሲግል ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ከረንቱን የመገደብ አቅሙ፣ ይጨምራል፤ ስልካቸው ላይ ያለው አምፖል ግን ሬዚስታንሱ አይቀየርም። ልጆቹ ከእጃቸው ይልቅ ስክሪኑን አመኑ። ስልጠና ላይ "ሲሙሌሽን ቤተ ሙከራን ይተካል" ሲሉን ነበር። አይተካም። አሁን እውነተኛውን አስቀድማለሁ፣ ስልኩ ይከተላል።

የእጅ ባትሪ አምፖል ፍለጋ አትድከሙ፤ አሁን ሁሉም ኤልኢዲ ሆኗል፣ ለዚህ ሙከራ አይሆንም። መለዋወጫ ሱቅ ሄዳችሁ የመኪና ዳሽቦርድ አምፖል በሉ፣ ክር ያለውን። 12 ቮልት ነው። ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ ስምንት ደርድሩና አንድ አንድ እየቀነሳችሁ አስለኩ። መልቲሜትሩ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የሚይዙት ርካሹ ይበቃል፤ ፊውዙን ስለሚያቃጥሉት ትርፍ ግዙ።