ቀዩ ቲሸርት

በሽታዬን ስድስት ወር ደብቄያለሁ። ቶሮንቶ ላለ ሀበሻ ይሄ ቀላል ሥራ አይደለም። ለእናቴ በስልክ «ትንሽ ደም ማነስ ነው» አልኳት። ያለብኝ ግን ሲኤምኤል የሚባል የደም ካንሰር ነበር። ለሌላ ጉዳይ በሰጠሁት የደም ምርመራ ነው የተገኘው። ነጭ የደም ሴሎቼ ከልክ በላይ በዝተዋል፣ ጣፊያዬም አብጧል። ለካ ሁለት ሦስት ጉርሻ በልቼ የምጠግበው ለዚያ ኖሯል። እኔ ዳይቱ ሠራልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

የመሮጥን ሐሳብ ያመጣልኝ ልጄ ነው። ካናዳ ተማሪ ያለው ወላጅ ቴሪ ፎክስን ሳያውቅ አይቀርም። በ18 ዓመቱ በአጥንት ካንሰር ቀኝ እግሩን ያጣ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ለምርምር ገንዘብ ለማሰባሰብ በሰው ሠራሽ እግር 143 ቀን፣ 5,373 ኪሎ ሜትር ሮጠ። ካንሰሩ ሳንባው ውስጥ ገብቶ አስቆመው። በ22 ዓመቱ አረፈ። በስሙ የሚካሄደው ሩጫ በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ እንቁጣጣሽ ሰሞን ነው።

ሐኪሜ መጀመሪያ ሩጫ ከለከለችኝ። ያበጠ ጣፊያ ከተመታ ሊፈነዳ ይችላል አለች። እብጠቱ እስኪመለስ ድረስ በእርምጃ ብቻ ሄድኩ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ። መድኃኒቱ ማታ ማታ ባቴን ያኮማትረዋል፤ ተነስቼ ግድግዳ ይዤ እቆማለሁ።

ትልቁን ጥፋት የሠራሁት በፍልሰታ ነው። ጠዋት ክኒኔን በባዶ ሆዴ ውጬ ልምምድ ወጣሁ። ፓርኩ ውስጥ፣ ውሻ በሚያንሸራሽሩ ሰዎች ፊት አስመለሰኝ። ከምግብና ከብዙ ውኃ ጋር ውሰጂ ተብዬ ነበር እኮ። የንስሐ አባቴን ብነግራቸው «ልጄ፣ ሐኪም ያለሽን አድርጊ፤ በጾም ራስሽን ግደይ ያለሽ የለም» አሉኝ። ክኒኑን ወደ እራት ሰዓት አዛወርኩት። ከሽሮ ጋር ተስማማን።

ከሩጫው የከበደኝ ግን ገንዘብ መጠየቁ ነው። ለስልሳ ሰው በቴሌግራም ረጅም መልእክት ላክሁ። ሦስት ሰው መለሰልኝ፤ ሁለቱ የጸሎት እጅ ነው የላኩልኝ። እኛ ለለቅሶና ለታማሚ እጃችን አይታጠፍም፤ ምርምር ሲባል ግን ግራ ይገባናል። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ አንድ ጋሼ «ላንቺ ሕክምና ከሆነ አሁኑኑ እናዋጣ። ምርምር የምትይውን ማን ይበላዋል?» አሉኝ።

የማስረዳት ተሰጥኦ የለኝም። ቦርሳዬን ከፈትኩና የክኒኑን ብልቃጥ ከስኒዎቹ መሀል አስቀመጥኩት። ስሙ ኢማቲኒብ ነው። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ከዚያ በፊት ይሄ በሽታ የያዘው ሰው፣ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ካልተሳካለት በቀር፣ ዕድሜው በጥቂት ዓመታት ይቆጠር ነበር። ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ፊላደልፊያ ውስጥ ነው፤ ሁለት ተመራማሪዎች በታማሚዎች ሴል ውስጥ አንዲት ያጠረች ክሮሞሶም አዩ። ከዚያች ክሮሞሶም እስከዚህ ብልቃጥ 41 ዓመት። «ጋሼ፣ ይሄን አርባ ዓመት ሰው ባያዋጣበት ኖሮ ዛሬ የምታዋጡት ለቀብሬ ነበር» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና ኪሳቸው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ በጅምላ መላክ ተውኩ። አንድ ሰው፣ አንድ ቡና። «የቻልከውን» ማለትም ተውኩ፤ ሰው ስንት እንደሚሰጥ ሲያስብ ይረሳዋል። «ሃያ ዶላር» ስል ወዲያው ይሰጠኛል። በዚህ መንገድ 1,870 ዶላር ሞላልኝ።

በሩጫው ዕለት ካንሰር ያገኛቸው ሰዎች ቀይ ቲሸርት ይለብሳሉ። መኪና ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌው ሩብ ሰዓት ተቀመጥኩ። ለእናቴ ያልነገርኩትን ለመንገደኛ ሁሉ ልናገር ነው። ደወልኩላትና ነገርኳት። አለቀሰች፤ ከዚያ «ቁርስ በልተሻል?» አለችኝ። ለበስኩት።

አሥሩን ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ከሠላሳ አንድ ደቂቃ ጨረስኩ። መሀል ላይ አንድ አያት ጋሪ እየገፉ ቀደሙኝ።

በቀጣዩ እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አንዲት በመልክ ብቻ የማውቃት ሴት ክንዴን ያዘችኝ። ፎቶሽን አየሁት አለችኝ። ግራ ቀኝ ተመለከተች፤ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

«ቀዩ፣ የሚመጣው ዓመት... እኔ ላርጅ ነው የምለብሰው።»