ቢሊ ሆሊደይ ያደገችበት መንገድ

ባልቲሞር እኔ ከምኖርባት የአሜሪካ ከተማ ከሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ ናት። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስኖር ግን የጃዝ ዘፋኟን የቢሊ ሆሊደይን ሰፈር ልይ ብዬ ሄጄ አላውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ሄድኩ። ባቡሩ ውስጥ እንቅልፍ ስለወሰደኝ ስለ መንገዱ የማወራው የለኝም።

መጀመሪያ የሄድኩት ፌልስ ፖይንት የሚባለው ሰፈር፣ ሳውዝ ደራም የምትባል ጠባብ መንገድ ነው። ቢሊ እ.ኤ.አ. በ1915 የተወለደችው ፊላደልፊያ ቢሆንም፣ ኤሊኖራ እየተባለች ያደገችው ባልቲሞር ነው። ቤቶቹ የጡብ ናቸው፣ ተደጋግፈው የቆሙ። መንገዱ ላይ ሰው የለም። የኛ ሰፈር ቢሆን አንዷ እናት ብቅ ብለው «ማንን ፈልገሽ ነው ልጄ?» ይሉኝ ነበር። ይሄን ዝምታ ዛሬም አልለመድኩትም።

የባልቲሞር የድሮ ቤቶች ደጃፍ ላይ ነጭ የእብነ በረድ ደረጃ አለ። ቢሊ በልጅነቷ የሰው ደረጃ እየፈተገች ሳንቲም ታገኝ ነበር። ሴተኛ አዳሪዎችን ለምታስተዳድር ሴትዮም ትላላክ ነበር፤ ከእሷ ግን ገንዘብ አትቀበልም። ክፍያዋ ሳሎን ገብታ የሉዊ አርምስትሮንግንና የቤሲ ስሚዝን ሸክላ መስማት ነበር። ይህን የተናገረችው ራሷ ናት። አንዱ ደጃፍ ላይ ጎንበስ ብዬ ደረጃውን በእጄ ዳሰስኩት። መሃሉ ተበልቶ ጎድጉዷል።

ከዚያ የቢሊ ሐውልት ወዳለበት ፔንሲልቬንያ አቬኑ በታክሲ። ሹፌሩ ዙሪያ ጥምጥም ወስዶ 34 ዶላር አስከፈለኝ፣ ለዚያች አጭር መንገድ! ሐውልቷ ፊት ስደርስም ንዴቱ አልለቀቀኝም ነበር።

ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ትሆናለች፣ ጋርዴንያ አበባዋን ጸጉሯ ላይ እንደሰካች። ሐውልቱ የቆመው በ1985 ነው፤ ቀራፂው ጄምስ ኧርል ሪድ ያሰበው መቆሚያ ግን የተሟላለት በ2009 ነው። መቆሚያው ላይ ተሰቅሎ የተገደለ ጥቁር ሰው ተቀርጿል። በ1939 «ስትሬንጅ ፍሩት» ብላ የዘፈነችው ይህንኑ ነው። ኮሎምቢያ፣ የሸክላ ኩባንያዋ፣ አልቀርፅም ሲላት ኮሞዶር የሚባል ትንሽ ኩባንያ ጋ ሄዳ አስቀረጸችው። ወኔዋ ይገርመኛል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የመጨረሻዎቹ ዓመታት ናቸው። በ1947 በአደንዛዥ ዕፅ ታሰረች። በ1948 በተፈታች በቀናት ውስጥ ካርኔጊ አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላላት፤ መድረኩ ላይ ሳይቀር ለተመልካች ወንበር ተደረደረ። መጠጥ በሚሸጥበት የኒው ዮርክ ክለብ የምትዘፍንበትን ፈቃድ ግን ነጠቋት። ለጃዝ ዘፋኝ ክለብ ማለት እንጀራዋ ነው! ፈቃዱ ሳይመለስላት በ1959፣ በ44 ዓመቷ ሞተች።

አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ጓንት አድርገው በሐውልቱ ዙሪያ የረገፈ ቅጠልና ፌስታል ይለቅማሉ። ሰላም አልኳቸው። እናታቸው ቢሊን ሮያል ቲያትር ስትዘፍን አይተዋታል። ቲያትሩ እዚሁ መንገድ ላይ ነበር፣ በ1971 ፈረሰ። የከተማው ሠራተኛ መስለውኝ ስጠይቃቸው «ኧረ ማንም አላዘዘኝም» አሉ። ከቦርሳዬ ውኃና ሶፍት አወጣሁ። የመቆሚያውን ጠርዝ የወፍ ኩስ አበላሽቶት ነበር፤ እሳቸው ቅጠሉን ሲጨርሱ እኔም እሱን ፈትጌ ጨረስኩ። ባቡሩ አመለጠኝ።