ጣርማበር ላይ የተጻፈው ክስ

ጊዜው ሐምሌ ነበር። ደብረ ብርሃን ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የመኪና ስምሪት የምሠራው እኔ ነኝ። ያን ቀን ባቄላ የጫነ አይሱዙ ወደ ሸዋ ሮቢት ሸኝቼ፣ ሲመለስ ማሾ ጭኖ እንዲመጣ ተነጋግሬ ጨርሻለሁ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ሾፌራችን ደወሉ። የጣርማበርን ዋሻ አልፈው ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ የኋላ ጎማ ፈነዳባቸው። ጎማውን እየቀየሩ ሳለ ትራፊክ ፖሊስ ደርሶ መንጃ ፈቃዳቸውን ይዞ ክስ ጻፈባቸው። ወረቀቱ ላይ ሁለት ጥፋት አለ፦ የፍሬን መብራት አይሠራም፤ ያለ ማስጠንቀቂያ ምልክት መንገድ ላይ ቆመዋል።

እኔ በዚያች ሰዓት የታየኝ ማሾው ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ይክፈሉና ይውረዱ፤ ደረሰኙን ሲያመጡ ገንዘቡን እንመልስልዎታለን» አልኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፣ ብሩን ትመልሱልኛላችሁ፤ መዝገቡንስ?» አሉኝ።

ከማንም በፊት ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። በትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ጥፋቱ የሚመዘገበው በአሽከርካሪው ስም ነው፤ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ እስከ ማሳገድ ይደርሳል። ዕድሜያቸውን መሪ ላይ የጨረሱትን ሰው፣ ሳላጣራ ያላጠፉትንም ጭምር እመኑ ማለቴ ነበር።

ከቢሮ አንዱ «እዚያ የሚያውቅ ሰው ይፈለግ» አለ። ጋሼ ይህን መስማትም አልፈለጉም። እኔም ወረቀቱን አንድ በአንድ እንዲያነቡልኝ ጠየቅኳቸው።

ምልክቱ ነበር። እንደ ብዙዎቹ ድንጋይና ቅጠል አልደረደሩም፤ አንጸባራቂውን ሦስት ማዕዘን ከመኪናው ኋላ፣ ከኩርባው በላይ አቁመዋል። ፖሊሱ የመጣው ግን ከታች፣ ከደብረ ሲና በኩል ነው። በዚያ ጉም ደግሞ ሃያ እርምጃ እንኳ አያሳይም። ደግነቱ ረዳቱ ጎማው እንደፈነዳ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ልኮልኝ ስለነበር ምልክቱ ከነሰዓቱ ይታያል።

የመብራቱ ነገር ግን ሌላ ነው። የጥገና መጠየቂያ ፋይሉን ስከፍት ጋሼ በሰኔ ሁለት ጊዜ ጽፈው አገኘሁ፦ «የቀኝ የፍሬን መብራት ይቆራረጣል»። ከሥሩ በእጄ ጽሑፍ «በሚቀጥለው ሰርቪስ ይታይ» ይላል። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከሆነ ጫፍ ተነስቶ በከባድ ማርሽ፣ ፍሬን ነካ ለቀቅ እያደረገ የሚወርድ የጭነት መኪና በጉም ውስጥ ለኋለኛው ሾፌር የሚታየው በዚያ ቀይ መብራት ነው። ከኋላው ፍሬኑ የጋለ ሌላ መኪና ቢኖርስ ብዬ ሳስብ እጄ ቀዘቀዘ።

ስለዚህ በመብራቱ ላለመከራከር ተስማማን። ጥፋቱ እውነት ነው፤ መኪናው እንዲወጣ የፈቀድኩት እኔ ብሆንም ሲነዱ የተገኙት እሳቸው ናቸውና ሕጉ የሚይዘው እሳቸውን ነው። በምልክቱ ግን ቅሬታ ለማቅረብ ወሰንን። ሸዋ ሮቢት ሌላ መኪና ላክሁ። የጥገና መጠየቂያዎቹን ቅጂ፣ ፎቶውንና በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም የተጻፈ ደብዳቤ ይዤ በማግስቱ ከጋሼና ከረዳቱ ጋር ደብረ ሲና ወረድኩ። ደብዳቤው ውስጥ መብራቱ ሳይጠገን መኪናው የወጣው በእኔ ውሳኔ እንደሆነ በግልጽ አስፍሬያለሁ። እሱን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ነው ሌሊቱን ያመሸሁት።

የትራፊክ ፖሊስ ኃላፊው ክሱን የጻፈውን ፖሊስ አስጠርቶ ፎቶውን አሳየው። ልጁ ሳያንገራግር «ይህን አላየሁም» አለ። ምልክቱን የሚመለከተው ክስ ቀረ፤ የመብራቱ ጸና፤ ጋሼም ከፈሉ። ልንወጣ ስንል ፖሊሱ ጋሼን ጠራቸውና «አባቴ፣ እዚያ ኩርባ ላይ ከፊትም ያስቀምጡ። ሽቅብ የሚመጣውም እኮ አያይዎትም» አላቸው። ጋሼ ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀበሉት። እውነቱን ነበር።

የቅጣቱን ገንዘብ ከደመወዜ መለስኩላቸው። አልቀበልም ብለው ብዙ ተከራከሩኝ። ለየመኪናው ሁለተኛ ምልክት ተገዛ። ፋይሉ ውስጥ እኔው «ይታይ» ብዬ ያሳደርኳቸው ሦስት መጠየቂያዎች ተገኙ፤ መኪኖቹ ተሠርተው እስኪጨርሱ አንዳቸውንም አላሰማራሁም።