ጌም መሀል የሚጠፋው ዋይፋይ

ዛሬ ከታናሽ ወንድሜ ላፕቶፕ ጋር ስታገል ዋልኩ። ዶታ 2 ሲጫወት፣ ልክ ጨዋታው ሲጦፍ ዋይፋዩ ድርግም ይላል። ስልኬ ግን በዚያው ራውተር ያለችግር ይሠራል።

መጀመሪያ ዲቫይስ ማናጀር (የኮምፒውተሩ ክፍሎች የሚስተካከሉበት የዊንዶውስ ገጽ) ገባሁ። ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ የዋይፋይ ካርዱን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አነሳሁ። ካርዱን የሚያሠራውን ሶፍትዌር፣ ድራይቨሩንም አደስኩት። ትንሽ ተሻለው እንጂ አልዳነም።

ለካ ላፕቶፑ የተያያዘው በ2.4 ጊጋኸርዝ የዋይፋይ ሞገድ ነው፤ ስልኬ ደግሞ በ5። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ ነን፣ የጎረቤቱ ሁሉ ዋይፋይ 2.4 ላይ ይጋፋል። ወደ 5 ቀየርኩለት። 5 ግድግዳ ማለፍ ላይ ደከም ይላል፣ ግን ራውተሩ እዚያው ሳሎን ነው ያለው።

ማታ ሁለት ጨዋታ ሳይቆረጥበት ጨረሰ። «እየው፣ ፒንጉ (የኢንተርኔቱ ምላሽ የሚወስደው ጊዜ) ንቅንቅ አላለም!» ሲለኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።